የውጭ ግድግዳ ሽፋን በጭቃ ቤት እድሳት፦ ለሙዱላና መሰል ከተሞች የሚበጅ የሥራ ቅደም ተከተል

አኅጽሮተ ጽሑፍ

በአውሮፓ አገሮች የማኅበራዊ መኖሪያ ቤቶች እድሳት ዋነኛ ስልት የውጭ ግድግዳን በሙቀት መከላከያ መሸፈን ነው። ይህ ጽሑፍ ስልቱ በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ ከተሞች፣ በተለይም በሙዱላ፣ በዱራሜና በሆሳዕና ላሉ ከእንጨትና ከጭቃ ለተሠሩ ቤቶች ምን ያህል እንደሚስማማ ይመረምራል። ጽሑፉ በቀላል የሙቀት ስሌት ላይ ተመሥርቶ ሦስት ነጥቦችን ያስረዳል። አንደኛ፣ የእነዚህ ቤቶች ትልቁ የሙቀት መውጫ ጣሪያው ነው። ሁለተኛ፣ ግድግዳውን ደረቅ ማድረግ ግድግዳውን ከመሸፈን ይቀድማል። ሦስተኛ፣ የምርጊትና የልስን ሥራ ከክረምት ወደ በጋ መሸጋገር ይገባዋል።

1. መግቢያ

በየክረምቱ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ሲጀመር በኢትዮጵያ ከተሞችና የገጠር ቀበሌዎች ከሚከናወኑት ቀዳሚ ተግባራት አንዱ የአቅመ ደካሞችን ቤት ማደስ ነው። ያረጀው ጣሪያ ይነሣል፤ አዲስ ቆርቆሮ ይመታል፤ የፈረሰው ግድግዳ ይመረጋል፤ ቀለም ይቀባል፤ በመጨረሻም ቤቱ ለባለቤቱ ይተላለፋል። ሥራው በአመዛኙ የሚከናወነው ወጣቶችና ተማሪዎች ከትምህርት በሚያርፉበት በሐምሌና በነሐሴ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ጭቃ ከማይደርቅባቸው ወራት ቀዳሚዎቹ ናቸው።

የጠምባሮ ልዩ ወረዳ ማዕከል ሙዱላ ቀድሞ በከምባታ ጠምባሮ ዞን ሥር ትተዳደር የነበረች ስትሆን፣ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል አካል ናት። ሙዱላም ሆነች አጎራባቾቿ ዱራሜና ሆሳዕና ለረጅም የዝናብ ወቅትና ለቀዝቃዛ ሌሊት የተጋለጡ ናቸው። በልግና ክረምት ተያይዘው በሚመጡበት በዚህ አካባቢ የዓመቱ ዝናብ ከ1,000 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። ሕፃን፣ አረጋዊ ወይም የመተንፈሻ አካል ሕመምተኛ ላለበት ቤተሰብ ርጥብና ቀዝቃዛ ቤት የጤና ጥያቄ ነው። ስለሆነም ለእድሳት የሚመደበው ጥቂት ገንዘብና ጉልበት በመጀመሪያ የት ይዋል የሚለው ጉዳይ በጥንቃቄ ሊታይ ይገባዋል።

2. የቤቶቹ ይዞታና አሠራር

በኢትዮጵያ ከተሞች ማኅበራዊ ቤት ሊባል የሚችለው ቀደምት ይዞታ የቀበሌ ቤት ነው። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ንብረት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ከወጣ በኋላ ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ቤቶች በከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ማለትም በቀበሌዎች፣ እንዲተዳደሩ ተደረገ። ኪራዩ እንዲቀንስ ተወስኖ ለአሥርት ዓመታት በዝቅተኛ ልክ ስለቆየ ቤቶቹ ለድሃው መጠለያ ሆነዋል፤ ይሁንና ከኪራዩ የሚገኘው ገቢ ለጥገና አልበቃም። ተከራዩ የቤቱ ባለቤት ባለመሆኑ ገንዘቡን በግድግዳው ላይ ለማዋል ያመነታል፤ አከራዩም ከኪራዩ የሚያተርፈው የለም። የውጭው ልስን የተራገፈበትና ቋሚው ከሥሩ የበሰበሰበት ቤት የዚህ ሁኔታ ውጤት ነው።

ሁለተኛው ይዞታ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በአዲስ አበባ፣ ቀጥሎም በክልል ከተሞች የተስፋፋው የጋራ መኖሪያ ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም ነው። የዚህ ቤት ግድግዳ ክፍት ሆድ ካለው የሲሚንቶ ብሎኬት የተሠራ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ከላይ የተጠቀሰው በበጎ ፈቃድ የሚታደስ የአቅመ ደካሞች ቤት ሲሆን ባለቤቱ ራሱ ነዋሪው ነው።

እንደ ሙዱላ ባሉ ከተሞች የአብዛኛው ቤት ግድግዳ ከእንጨትና ከጭቃ የተሠራ ነው። የባሕር ዛፍ ቋሚ ይተከላል፤ በማገር ይያያዛል፤ ከጤፍ ጭድ ጋር በእግር ተረግጦ ለቀናት የተቦካ ጭቃ ይመረግበታል። ምርጊቱ ደርቆ ሲሰነጠቅ በላዩ ቀጭን ልስን ይደረጋል። ግድግዳው በአብዛኛው ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ይወፍራል። የዚህ አሠራር ጠላቶች ከምድር የሚወጣ ርጥበት፣ ከክፈፍ የሚፈናጠር ውሃና ምስጥ ናቸው።

3. የውጭ ሽፋን አሠራርና ጥቅሙ

በአውሮፓ የተለመደው የውጭ ግድግዳ ሽፋን ሦስት ንብርብሮች አሉት። በነባሩ ግድግዳ ላይ የሙቀት መከላከያ ሰሌዳ ይለጠፋል፤ ሰሌዳው በተለምዶ ፎም የሚባለው ፖሊስታይሪን ወይም የማዕድን ሱፍ ሊሆን ይችላል። በላዩ መረብ የተቀበረበት ስስ ልስን ይደረጋል፤ በመጨረሻም ውሃ የማያስገባ ማጠናቀቂያ ይቀባል። ሽፋኑ በውጭ በኩል መሆኑ ሁለት ጥቅም አለው። ነዋሪዎቹ ሳይለቁ ሥራው ይከናወናል፤ ከባዱ ግድግዳም ከሽፋኑ በስተውስጥ ስለሚቀር ቀን የተቀበለውን ሙቀት ሌሊት ለቤቱ ይመልሳል።

ሁለተኛው ጥቅም ለኢትዮጵያ ደጋ ተስማሚ ይመስላል። በበጋ በቀንና በሌሊት መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ከ10 ዲግሪ ይበልጣልና፣ ሙቀት የሚያከማች ወፍራም ግድግዳ የቤቱን ውስጥ ያረጋጋል። ይሁን እንጂ የጭቃ ግድግዳ ይህን ባሕርይ ያለ ሽፋንም በከፊል ይዟል። ስለዚህ የሽፋኑ ተጨማሪ ጥቅም ምን ያህል እንደሆነ በቁጥር ማየት ያስፈልጋል።

4. ሙቀቱ በየት በኩል ይወጣል?

አንድ የቤት አካል ሙቀትን ምን ያህል እንደሚያሳልፍ የሚለካው በዩ-ቫልዩ ነው። ይህም በውስጥና በውጭ መካከል የአንድ ዲግሪ ልዩነት ሲኖር በአንድ ካሬ ሜትር በኩል የሚያልፈው ሙቀት በዋት ሲገለጽ ማለት ነው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን አካሉ ሙቀትን የተሻለ ይይዛል።

ለማሳያ 5 ሜትር በ4 ሜትር ስፋትና 2.5 ሜትር የግድግዳ ቁመት ያለው፣ ለብቻው የቆመ ቤት ይታሰብ። በርና መስኮቱ 4 ካሬ ሜትር ቢሆን የሚቀረው ግድግዳ 41 ካሬ ሜትር፣ የጣሪያው አግድም ስፋት ደግሞ 20 ካሬ ሜትር ይሆናል። የ18 ሳንቲ ሜትር ደረቅ የጭቃ ግድግዳ ሙቀት አስተላላፊነት 0.6 ዋት በሜትር በዲግሪ ተደርጎ ቢወሰድ ዩ-ቫልዩው 2.1 ገደማ ነው። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ግን የራሱ መከላከያነት ከምንም ስለማይቆጠር ዩ-ቫልዩው 7 ገደማ ይደርሳል። በእነዚህ መነሻዎች የቤቱ የሙቀት ብክነት በእያንዳንዱ የዲግሪ ልዩነት እንደሚከተለው ይሆናል፦

ኮርኒስ የሌለው ጣሪያ፦ 142 ዋት
ደረቅ ግድግዳ፦ 86 ዋት
በርና መስኮት፦ 20 ዋት
በሰዓት ሦስት ጊዜ የሚለወጥ የቤት ውስጥ አየር፦ 50 ዋት
ድምር፦ 298 ዋት

የግድግዳው ስፋት ግማሽ እንኳ የማይሆነው ጣሪያ የብክነቱን ግማሽ ያህል ይወስዳል። ቤቱ በረድፍ ከተሠሩት የቀበሌ ቤቶች መካከል ቢሆንና ሁለቱን የ4 ሜትር ጎኖች ከጎረቤት ጋር ቢጋራ፣ የውጭ ግድግዳው ወደ 21 ካሬ ሜትር፣ በዚያ በኩል የሚወጣውም ሙቀት ወደ 44 ዋት ይወርዳል። በዚህ ጊዜ ጣሪያው ከግድግዳው ከሦስት እጥፍ በላይ ያባክናል።

አሁን የእድሳት አማራጮችን ማነጻጸር ይቻላል። የጨርቅ ወይም የስስ ሰሌዳ ኮርኒስ በቆርቆሮው ሥር ቢወጠር በመካከሉ የሚታሰረው አየር የጣሪያውን ዩ-ቫልዩ ወደ 3 ያወርደዋል፤ ብክነቱም ከ142 ወደ 60 ዋት ዝቅ ስለሚል 82 ዋት ይተርፋል። የግድግዳው ውጭ በ5 ሳንቲ ሜትር ፎም ቢሸፈን ደግሞ ዩ-ቫልዩው ወደ 0.58 ወርዶ 62 ዋት ይተርፋል። በፎሙ ፋንታ ጭድ የበዛበት 5 ሳንቲ ሜትር ቀላል ጭቃ ቢደረብ የሚተርፈው 29 ዋት ገደማ ነው። ከውጭ አገር ከሚገባ ፎም ይልቅ በአካባቢው ገበያ የሚገኘው ኮርኒስ የበለጠ ሙቀት ያስቀራል ማለት ነው።

ስሌቱ ውጭና ውስጥ ለረጅም ሰዓት በማይለዋወጥ ሙቀት ላይ እንዳሉ የሚያስብ በመሆኑ የግድግዳውን ሙቀት የማከማቸት ባሕርይ አያካትትም። የአማራጮቹን ቅደም ተከተል ለማሳየት ግን በቂ ነው። አምስት ሰዎች ያሉበት ቤተሰብ ከሰውነቱ ብቻ 400 ዋት ያህል ቢያመነጭ፣ ያልታደሰው ቤት ከውጭው አየር በ1.3 ዲግሪ ብቻ ይሞቃል፤ ኮርኒስ ሲገባለት ልዩነቱ 1.9 ይሆናል፤ ኮርኒስና የጭድ ጭቃ ድርብ አብረው ሲሆኑ 2.1 ይደርሳል።

5. ርጥበት የስሌቱን ውጤት እንዴት ይለውጣል?

ከላይ ያለው ስሌት ግድግዳው ደረቅ ነው ከሚል መነሻ የተነሣ ነው። ውሃ ከአየር ይልቅ ሙቀትን በብዙ እጥፍ የሚያስተላልፍ በመሆኑ፣ በጭቃው ቀዳዳዎች ውስጥ የነበረው አየር በውሃ ሲተካ የግድግዳው አስተላላፊነት እስከ እጥፍ ሊያድግ ይችላል። በምሳሌው ቤት አስተላላፊነቱ ከ0.6 ወደ 1.2 ቢያድግ በግድግዳው የሚወጣው ሙቀት ከ86 ወደ 127 ዋት ገደማ ይጨምራል። የ41 ዋት ኪሳራ ማለት ነው። ይህ የጭድ ጭቃው ድርብ ከሚያስገኘው 29 ዋት ይበልጣል። ስለዚህ የረጠበን ግድግዳ ማድረቅ ራሱን የቻለ የሙቀት መከላከያ ሥራ ነው።

ውሃው ከየት ይመጣል? በምሳሌው ቤት ክፈፉ በየጎኑ ግማሽ ሜትር ቢወጣ ጣሪያው 30 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነውና፣ በ1,000 ሚሊ ሜትር ዝናብ በዓመት 30,000 ሊትር ውሃ ከጣሪያው ይወርዳል። አሸንዳ ከሌለ ይህ ሁሉ ውሃ በግድግዳው ዙሪያ ይፈስሳል፤ ከመሬት እየተፈናጠረ የግድግዳውን ታችኛ ክፍል ይመታል፤ መሬቱም ረክቶ ርጥበቱን ወደ ቋሚው ይሰድዳል። የቋሚው መበስበስ የሚጀምረው ከዚሁ ቦታ ነው። በመሆኑም ሰፊ ክፈፍ፣ አሸንዳ፣ የውሃ መውረጃ ቦይና ከመሬት ከፍ ያለ የድንጋይ መሠረት ለጭቃ ቤት ከማናቸውም የውጭ ሽፋን የሚቀድሙ መከላከያዎች ናቸው።

6. ሲሚንቶ፣ ኖራ ወይስ ጭቃ?

በብዙ እድሳቶች የጭቃው ግድግዳ በሚስማር በተመታ የሽቦ መረብ ላይ በሲሚንቶ ይለሰናል። ቤቱ የብሎኬት ቤት ስለሚመስል ሥራው በነዋሪውም በሠሪውም ዘንድ ተወዳጅ ነው። ችግሩ በሁለቱ ነገሮች ባሕርይ ልዩነት ላይ ነው። ጭቃ ርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። ሲሚንቶ ግን ግትር ስለሆነ እንቅስቃሴውን አይከተልም፤ በመስኮት ጥግና በግድግዳ ማዕዘን ላይ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የገባው ውሃ በሲሚንቶው በኩል ተንኖ ለመውጣት ይቸገራል። ልስኑ ከውጭ ሲታይ ጤነኛ መስሎ ሳለ በስተኋላው ጭቃው ይላሽቃል፣ እንጨቱ ይበሰብሳል፤ በመጨረሻም ልስኑ በአንድነት ተገንጥሎ ይወድቃል። የታችኛውን ግድግዳ በዘይት ቀለም መቀባትም ርጥበቱን በማፈን ተመሳሳይ ጉዳት ያደርሳል።

ለጭቃ ግድግዳ የሚስማማው ውሃ የሚያሳልጥ፣ ነገር ግን እንፋሎትን የሚያሳልፍ ልስን ነው። ጭድ የተቀላቀለበት ጭቃና ኖራ ሁለቱም ይህ ባሕርይ አላቸው። ኖራ በኢትዮጵያ ግንባታ እንግዳ አይደለም፤ የጎንደር ግንቦች ድንጋዮች የተያያዙት በኖራ ነው። እዚህ ላይ ግን አንድ መደናገር መወገድ አለበት። አሲዳማ አፈርን ለማከም ለገበሬው የሚቀርበው ኖራ የተፈጨ፣ ያልተቃጠለ የኖራ ድንጋይ በመሆኑ ለልስን ማያያዣነት አያገለግልም። ለልስን የሚያስፈልገው በምድጃ ተቃጥሎ በውሃ የበረደው ኖራ ነው።

በእንሰት አምራቹ የሐዲያና የከምባታ አካባቢ የሚገኘው ቃጫ ሌላ የምርምር በር ይከፍታል። ለገመድና ለጆንያ የሚያገለግል ጠንካራ ጭረት እንደመሆኑ፣ በልስን ውስጥ ስንጥቅን ለመቀነስ ያለው አቅም በቤተ ሙከራ ሊፈተን የሚገባው ነው። ጭድ ለከብት መኖም የሚፈለግ በመሆኑ ተተኪ ጭረት ማግኘት ለወጪውም ትርጉም ይኖረዋል።

7. ከውጭ አገር ተሞክሮ የሚወሰድ ማስጠንቀቂያ

የውጭ ግድግዳ ሽፋን በተስፋፋባቸው አገሮችም ውጤቱ ሁልጊዜ መልካም አልሆነም። የብሪታንያ ብሔራዊ የኦዲት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 ባወጣው ሪፖርት፣ በሁለት የመንግሥት መርሐ ግብሮች የውጭ ግድግዳ ሽፋን ከተሠራላቸው ቤቶች 98 በመቶ ያህሉ እርማት የሚሻ ከባድ ጉድለት እንዳለባቸው ገልጿል። ቁጥራቸውም ከ22,000 እስከ 23,000 ይገመታል። ገንዘብም ቴክኖሎጂም ባልጠፋበት አገር ጉድለቱ የመጣው በአሠራርና በቁጥጥር ድክመት ነው። ያልታሸገ መጋጠሚያና የአየር መውጫ የሌለው ቤት ርጥበትንና ሻጋታን ያስከትላሉ።

የከፋው ምሳሌ በለንደን የነበረው ባለ 24 ፎቅ የማኅበራዊ ቤት ሕንፃ ግሬንፌል ታወር ነው። ሕንፃው እ.ኤ.አ. በ2016 በተጠናቀቀ እድሳት ተቀጣጣይ የሙቀት መከላከያና በውስጡ ፖሊኤቲሊን ያለበት የአሉሚኒየም ሰሌዳ ለብሶ ነበር። እ.ኤ.አ. ሰኔ 14 ቀን 2017 በተነሣው ቃጠሎ 72 ሰዎች ሞቱ። በኢትዮጵያ ከተሞች ለሕንፃ ውበት ሲባል በተለምዶ ክላዲንግ የሚባለው ሰሌዳ እየተስፋፋ በመሆኑ፣ የሰሌዳው የውስጥ ክፍል ከምን እንደተሠራ መጠየቅ ለኢትዮጵያ መሐንዲሶችም የሩቅ ጉዳይ አይደለም።

የውጭ ሽፋን በተሻለ ሁኔታ ሊጠቅም የሚችለው ምናልባት በኮንዶሚኒየም ነው። ከመጨረሻው ፎቅ በታች ያሉት ቤቶች ጣሪያቸው የሌላ ሰው ወለል ስለሆነ ዋናው የሙቀት መውጫቸው የብሎኬት ግድግዳቸውና መስኮታቸው ነው። ሆኖም በጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የሕንፃው ውጭያዊ አካል የጋራ ይዞታ ስለሆነ፣ አንድ ባለቤት ለብቻው የሚወስነው ጉዳይ አይደለም፤ የቤት ባለቤቶች ማኅበሩን ስምምነት ይሻል።

8. ሙቀትና አየር

በደጋ ከተሞች በክረምት ምሽት የከሰል ምድጃ ወደ መኝታ ክፍል ማስገባት የተለመደ ነው። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ጢሱ ጠፋ ማለት መርዙ ጠፋ ማለት አይደለም። በአሮጌው የጭቃ ቤት በግድግዳው ጫፍና በጣሪያው መካከል ያለው ክፍተት ብርድ ቢያስገባም መርዙንም ያስወጣ ነበር። ኮርኒስ ሲወጠር፣ ስንጥቅ ሲደፈን፣ በር ሲጠብቅ ይህ መውጫ ይዘጋል። እድሳቱ ቤቱን ሲያሞቀው ነዋሪውን ለሞት ሊያጋልጠው ይችላል።

ስለዚህ ኮርኒስ በሚገባበት ቤት ሁሉ በተቃራኒ ግድግዳዎች ላይ፣ ከኮርኒሱ ሥር፣ የማይዘጉ የአየር ማስተላለፊያ ቀዳዳዎች የሥራው አካል ሊሆኑ ይገባል። ከላይ በተሰጠው ስሌት በአየር ለውጥ የሚባክነው 50 ዋት እንዳለ የተተወው በዚህ ምክንያት ነው። ቤቱ ሲተላለፍም ከሰል በተዘጋ ክፍል እንዳይነድ ለቤተሰቡ በሚገባ ማስረዳት ያስፈልጋል።

9. በሁለት ወቅት የተከፈለ እድሳት

ከእነዚህ ነጥቦች የሚወጣው የሥራ ቅደም ተከተል እንደሚከተለው ነው። በክረምቱ የበጎ ፈቃድ ዘመቻ ውሃን የሚመለከተው ሥራ ይጠናቀቅ፦ ዝናብ በሌለበት ማለዳ የሚቀየር ቆርቆሮ፣ የሚሰፋ ክፈፍ፣ አሸንዳ፣ በቤቱ ዙሪያ የሚቆፈር ቦይ፣ ኮርኒስና የአየር ቀዳዳ። የበሰበሰ ቋሚ ካለ ቤቱ እንዳይወድቅ በድጋፍ ይያዝ። የግድግዳው ቀዳዳ በምርጊት ሊደፈን ይችላል፤ ልስንና ቀለም ግን ይቆይ።

ሁለተኛው ዙር ከጥቅምት እስከ ጥር ይሁን። በእነዚህ ወራት ግድግዳው በፀሐይና በነፋስ ይደርቃል፤ የጤፍ አጨዳና ውቂያ ስለሚደርስም አዲስ ጭድ ይገኛል። የበሰበሱ ቋሚዎች ይለወጡ፤ የመሠረቱ ድንጋይ ይጠገን፤ አዲሱ ምርጊት ቀለሙ እስኪነጣና ስንጥቁ እስኪከፈት ይቆይ፤ ከዚያም የጭድ ጭቃው ድርብና የኖራ ልስኑ በቅደም ተከተል ይደረግ። ሥራው የበልግ ዝናብ ሳይጀምር መጠናቀቅ ይኖርበታል።

የዚህ አሠራር ፈተና የሰው ኃይል ነው። በጥቅምት ተማሪው ወደ ትምህርት ቤት፣ ገበሬው ወደ አጨዳ ስለሚመለስ የክረምቱን ያህል ሕዝብ ማሰባሰብ አይቻልም። ይሁን እንጂ የበጋው ሥራ ብዙ ጉልበት ሳይሆን ጥቂት የሠለጠኑ መራጊዎችንና ለሳሾችን ይፈልጋል። ከክረምቱ በጀት ለቀለምና ለሲሚንቶ የሚወጣው ክፍል ለእነዚህ ባለሙያዎች ክፍያ ቢቆይ፣ ሥራው ለአካባቢው ሥራ አጥ ወጣቶች የገቢ ምንጭም ይሆናል።

10. መደምደሚያ

የውጭ ግድግዳ ሽፋን ጠቃሚ ስልት ቢሆንም ለጭቃ ቤት የመጀመሪያው ሥራ አይደለም። ጣሪያው ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ እስካለ፣ የክፈፉም ውሃ ግድግዳውን እስከመታ ድረስ በውጭ የሚደረብ ማናቸውም ነገር ትንሽ ያተርፋል፤ በሲሚንቶ ከሆነም ግድግዳውን ሊያጠፋ ይችላል። ለሙዱላና ለመሰሎቿ የሚበጀው ቅደም ተከተል ውሃን ማራቅ፣ ጣሪያን በኮርኒስ መሸፈን፣ ለአየር መውጫ መተው፣ ግድግዳው ከደረቀ በኋላም በሚተነፍስ ልስን ማልበስ ነው። ቀጣይ ጥናቶች በታደሱና ባልታደሱ ቤቶች ውስጥ ሙቀትንና ርጥበትን ቢያንስ ለአንድ ሙሉ ዓመት ቢለኩ፣ እዚህ በስሌት የቀረበው ግምት በተግባር ይፈተናል። የእድሳት ሥራም የሚመዘነው በርክክቡ ቀን ባለው የቤቱ መልክ ሳይሆን በቀጣዩ ክረምት ማብቂያ በግድግዳው ድርቀት ሊሆን ይገባል።